ፍጹም ቁጥርና የፍጥረት ሳምንት

አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተሰኘው ሥራው (11፥30) ፍጥረት በ6 ቀን የተፈጸመው 6 ፍጹም ቁጥር ስለ ሆነ ነው ይላል። መለኪያው የግሪኮች ነው፤ ዩክሊድ «ፍጹም» የሚለው ከራሱ ያነሱ አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡትን ቁጥር ነው፦ 1+2+3=6። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ትርጓሜው ግን አያስኬድም። በዚሁ መለኪያ 28ም ፍጹም ነው፤ ከራሱ ያነሰ አካፋዩ 1 ብቻ የሆነው 7 ግን ጉድለት አለበት። አውግስጢኖስም በቀጣዩ ምዕራፍ 7ን ፍጹም ለማለት የ3ና የ4 ድምር መሆኑን ያነሣል፤ መለኪያውን ቀየረ ማለት ነው። ዘፍጥረት 2፥3 ግን እግዚአብሔር ሰባተኛውን ቀን የቀደሰው ከሥራው ስላረፈበት እንደ ሆነ ይናገራል። ቀኑን ያከበረው ቁጥሩ ሳይሆን ፈጣሪው ነው። ስለዚህ ሰባኪ ቁጥር ከመፍታቱ በፊት ክፍሉ ራሱ የሰጠውን ምክንያት ይመርምር።