መጽሐፈ ኢዮብ በታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ ሲነበብ

የታመመ ሰው በተጠየቀ ጊዜ ከመጻሕፍት ሁሉ ፈጥኖ የሚነሣው መጽሐፈ ኢዮብ ነው። ጠያቂውም «እንደ ኢዮብ ታገሥ» ብሎ ይሰናበታል። ይህ ምክር ለሽማግሌ ቢስማማ እንኳ፥ በነቀርሳ ለታመመ ሕፃን ግን ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ነው።

መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ሲሆን፥ ኢዮብ ያለ ክርክር ሁሉን የተቀበለው በመጀመሪያዎቹ 2 ምዕራፎች ነው። ከ3ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያለቅሳል፥ ይጠይቃል፥ ይሟገታል። በ19ኛውም ምዕራፍ ያስጨነቀው የሥጋው ቍስል ብቻ አይደለም፤ ዘመዶቹ እንደ ራቁት፥ ሕፃናት እንኳ እንደ ናቁት ይናገራል። ይኸውም በሽታ መልክን በለወጠ ጊዜ ሰው ራሱን በሌላው ዓይን ማየት እንደሚጀምር ያስረዳል።

የዚህ ነገር ምሳሌ ዛሬ እንጅባራ በምትባለው በቆሰበር ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ጕዞ ነው፤ የደም ነቀርሳ ሕክምናም ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል። አንዱ መድኃኒት ጠጕር ያረግፋል፤ ሌላው ፊት ያሳብጣል። ጥር 23 ቀን በሚከበረው በአገው ፈረሰኞች በዓል ራሱን በኮርቻ ላይ ያይ የነበረ ልጅ፥ ጠጕሩ ሕክምናው ሲፈጸም እንደሚመለስ፥ በሽታውም ወደ እኩዮቹ እንደማይተላለፍ የሚነግረው ካጣ፥ ራሱን ሸፍኖ ከቤት ይቀራል። ኤልሳዕ እንኳ ነቢይ ሆኖ ሳለ በራሰ በራነቱ የዘበቱበትን ልጆች በዝምታ አላለፋቸውም።

ሦስቱ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ከኢዮብ ጋር በዝምታ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ኃጢአት ፈለጉበት። በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በእነርሱ ላይ ነው። በሕፃኑ ፊት ከንፈር እየመጠጡ «ምን ተሠርቶ ይሆን?» የሚሉም የእነርሱን ወንበር ወርሰዋል፤ ሕፃኑ ይህን ሰምቶ በደለኛው እርሱ ይመስለዋልና። ኤሊሁ ግን ታናሽ ስለ ነበረ ታላላቆቹ እስኪጨርሱ ጠበቀ፤ ከተገሠጹትም ጋር አልተቈጠረም። ሕፃኑም እንዲሁ የሚጠይቀው እስኪያገኝ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

መጽሐፉ የኢዮብን ልጆች ሞት ሲነግረን፥ ከአንደበታቸው አንድ ቃል አላስቀመጠልንም። ይህን መሙላት የአንባቢው ዕዳ ነው። በደም ነቀርሳ ባረፈ ሕፃን ስም በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፥ የሕፃኑን ስም ከበሽታው ስም አስቀድሟል፤ ይህም መልካም ትርጓሜ ነው። በባለጠጎች አገር ነቀርሳ ከያዛቸው 100 ልጆች ከ80 የሚበልጡት ይድናሉ፤ በብዙ ድኆች አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 ያንሳሉ። ስለዚህ «ታገሥ» የሚለው ቃል የመሰናበቻ ቃል ሊሆን አይገባውም።

እንግዲህ መጽሐፈ ኢዮብን ይዞ ወደ ሕፃን አልጋ የሚቀርብ ሁሉ አስቀድሞ ይቀመጥ፤ ዝም ይበል፤ በስሙም ጠርቶት «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቀው። የመጽሐፉ ወርቅ ያን ጊዜ ይወጣል።