የምግብ ስጋቶች ደረጃ አሰጣጥ በቆቦ ማሽላ ሲመዘን

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አገሮች የምግብ ደኅንነት ስጋቶቻቸውን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ የሚረዳ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥቷል። መመሪያው ጎጂ ተሕዋስያንንና ኬሚካሎችን ከሚገኙባቸው ምግቦች ጋር እያጣመረ፣ በኅብረተሰብ ጤና ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ልክ ደረጃ እንዲሰጣቸው ይመክራል። የባለሥልጣንን ስሜት በሥርዓት ባለው ምዘና ለመተካት መጣሩ የሚያስመሰግነው ነው። የምግብ ዋስትናን ግን ከዚህ ምዘና ውጭ አድርጎታል፤ ድክመቱም እዚህ ላይ ነው።

ሠንጠረዡ በቆቦ ላይ ቢዘረጋ ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። የራያ ቆላ ገበሬ ዋነኛ እህል ማሽላ ነው፤ ከተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየመራ ያበቅለዋል። ዝናብ ሲያጥር ምርቱ ያንሳል፤ በድርቅ የተጎዳው ሰብልም ገና በማሳ ሳለ አፍላቶክሲን ለሚያመነጨው ሻጋታ ይጋለጣል። እርጥበት በሚገባው ጉድጓድ ሲከማች መርዙ ይጨምራል፤ መጋገርም አያጠፋውም። በጥጋብ ዓመት የሻገተው ተለይቶ ለከብት ይሰጣል (ያም ቢሆን ከመርዙ ከፊሉ በወተት በኩል ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል)። በክፉ ዓመት ግን ያው እህል ለልጆች ይቀርባል። እንግዲህ አንድ መርዝና አንድ እህል በአንድ ወረዳ ሁለት ደረጃ አላቸው ማለት ነው። የሁለቱ አማካይ የትኛውንም ዓመት አይገልጽም።

ሌላው ጉድለት ከመዝገብ የሚመጣ ነው። በጤና ጣቢያ አፍላቶክሲን አይለካም፤ የጉበት ሕመምተኛውም በሌላ ስም ይመዘገባል። ያልተመዘገበው ጉዳት በሠንጠረዡ ላይ ዝቅተኛ ስጋት ሆኖ ይነበባል። ይሁንና መርዙ የጉበት ካንሰር አምጪ መሆኑ፣ በሄፓታይተስ ቢ በተያዘ ሰው ላይም አደጋው በብዙ እጥፍ መጨመሩ የተረጋገጠ ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በቤት የተከማቸ በቆሎ 317 ሰዎችን መርዞ 125ቱን ገድሏል።

ለዚህ ማስረጃ ለመፈለግ ኬንያ ድረስ መሄድም ባላስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ካለፈ በኋላ፣ ያን ጊዜ በሰሜን ወሎ ሥር በነበረው በደላንታ ዳውንት ደጋ የጓያ ሽባነት በወረርሽኝ መልክ ተከስቷል። ጓያ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ሲበላ ጉዳቱ ይቀንሳል። ለሽባነት የዳረገው ሌላው እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻውን ለወራት መበላቱ ነው። ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው ወይስ የዋስትና? መመሪያው የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም።

ከመመሪያው መውጣት ወዲህም በራያ ስጋቱ አልቀነሰም። በዚያው በ2020 የበረሃ አንበጣ በማሽላው ላይ ወርዷል፤ በ2021 እና በ2022 ጦርነቱ ቆቦ ደርሷል። በእንዲህ ያለ አካባቢ ደረጃው ለደኅና ዓመትና ለክፉ ዓመት ተለይቶ ሁለት ጊዜ መሠራት ይኖርበታል። ናሙናውም በኅዳር ከአውድማ ብቻ ሳይሆን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቤተሰቡ ጠርጎ ከሚያወጣው ከጉድጓዱ ወለል ጭምር መወሰድ አለበት።