ሪባን የማይቆረጥለት ምጣድ

ገላዋን ሁሉ እሾህ የወጋት ዝንጀሮ «የቱን እንንቀልልሽ?» ብትባል፣ «ቅድሚያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። እኛ ተረቷን የምናነሣት ለመሳቅ ነው። እሷ ግን ቁም ነገረኛ ነበረች። እሾሁ ብዙ፣ ነቃዩ ጥቂት መሆኑን አይታ፣ ካልተነቀለ አላስቀምጥ የሚላትን ለየች። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያባብሰውን ጋዝ እቀንሳለሁ ብሎ የሚነሣ ድሃ አገርም የሚጠበቅበት ይኸው ነው። ኪሱ ቀጭን ነውና የቱ ይቅደም ብሎ መምረጥ አለበት።

እውነቱን ለመናገር ወረቀቱ ላይ አልተሳሳትንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ስታወጣ፣ ከ20 ከሚበልጡ የመንግሥት ተቋማት የተውጣጡ 50 ያህል ባለሙያዎች ከ150 በላይ ሐሳቦችን አበጠሩ። ለአገሩ ይስማማል ወይ? ዕድገቱን ያግዛል ወይ? በሚቻል ዋጋ ብዙ ጋዝ ይቀንሳል ወይ? እያሉ 60 አስቀሩ። ከእነዚያም አራቱ ቶሎ እንዲጀመሩ ተመረጡ፤ የውኃ ኃይል፣ የገጠር ምድጃ፣ የከብት እርባታና ደን።

ለምን እነዚህ? ስሌቱ ነዋ! በዚሁ ሰነድ መሠረት የአገሪቱ ልቀት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ይጠጋ ነበር። 42 በመቶው ከከብት፣ 37 በመቶው ከደን መመናመን የመጣ ነው። ትራንስፖርቱ 3 በመቶ፣ ፋብሪካው 3 በመቶ፣ ኤሌክትሪኩም 3 በመቶ። የእኛ ጭስ በብዛት የሚወጣው ከመኪና ሳይሆን ከበረትና ከጓዳ ነበር ማለት ነው። ደኑን ከሚያመናምኑት ዋነኞቹ የእርሻ ምንጣሮና ማገዶ ናቸው። ባለሙያዎቹም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብቻውን በ2030 በዓመት ከ30 ሚሊዮን ቶን በላይ ሊያስቀር እንደሚችል አሰሉ።

እስከዚህ ድረስ የዝንጀሮዋ ብልሃት ሠርቷል። ነገሩ የሚበላሸው ከወረቀቱ ወደ መድረኩ ስንመጣ ነው።

ግድብ ይመረቃል። ባቡር ይመረቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰማ። ደስ ይላል። ግድቡም ይገባናል፤ ነገ የሚከፈተው ፋብሪካ በናፍጣ እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ምድጃ ሲመረቅ ያየ አለ? ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶ ይሠራል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ላቀች የምትባለዋም የከሰል ምድጃ አለች። ሁለቱም ዛሬ የመጡ አይደሉም፣ ዕድሜያቸው አሥርት ዓመታት ተሻግሯል። ሪባን የቆረጠላቸው ግን የለም። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። አዎ፣ ወጡን አያጣፍጥም። ጫካውንና የጋጋሪዋን ሳንባ ግን ያተርፋል።

የማይመረቅ ነገር ጠያቂም የለውም። ሪፖርቱ «ይህን ያህል ምድጃ ተሠራጨ» ይላል። የደረሳት ሴት እየጋገረችበት ነው ወይስ ምጣዷ አልገጥም ብሏት ዶሮ ታሳድርበታለች? ስትሰበር ማን ይጠግንላታል? «ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ» ይባላል። በሦስተኛው ክረምት ስንቱ ቆሟል? መትከልና ማጽደቅ ሁለት ሥራ ናቸው።

የከብቱማ ነገር ጭራሽ አይነሣም። ዕቅዱ ጥቂት ግን ምርታማ ከብት ይኑር፣ ዶሮም ይብዛ ይላል። ስሌቱ ልክ ነው። ለገበሬው ግን በሬው ትራክተሩ፣ ላሟ ባንኩ፣ መንጋው ክብሩ ነው። ዶሮ ሞፈር አትጎትት! ክፉ ቀን ሲመጣ የሚመነዝረው ሌላ ሀብት ሳይሰጡት «ከብትህን ቀንስ» ቢሉት ማን ይሰማል? ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ለፎቶ ስለማይመች ግን ይዘለላል።

«ገንዘብ የለንም» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ሐሰት አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው ቃል ኪዳን በ2030 ሊደርስ ይችል ከነበረው ልቀት 68.8 በመቶውን እቀንሳለሁ ስትል፣ በራሷ አቅም የምትችለው 14 በመቶውን ነው። ቀሪው 54.8 በመቶ የውጭ እርዳታ ይጠብቃል። ያበከሉን ሀብታሞች ዕዳቸውን ይክፈሉ ማለታችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ምድጃ ከግድብ ይረክሳል። በ14 በመቷችን ውስጥ ከጓዳው ብንጀምር የሚከለክለን ማነው?

2030 አፍንጫችን ሥር ነው። ከእንግዲህ ባለሥልጣን ሲያስመርቅ የምናጨበጭብ ሰዎች አንድ ጥያቄ እንልመድ፤ «አምና ያስመረቃችሁት ዛሬ ይሠራል?» ወረዳውም ሪፖርቱን ሲጽፍ ከተሠራጨው ምድጃ ይልቅ የሚጋገርበትን፣ ከተተከለው ችግኝ ይልቅ የጸደቀውን ይቁጠር። ቁጥሩ ያንሳል፣ ያሳፍርም ይሆናል። እሾሁ የት እንዳለ የሚያሳየን ግን እሱ ነው።