«ስግብግብ» የሚል ምርጫ

ቆሼ ስል የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር እንዳይመስላችሁ፤ የማረቆዋን፣ የበርበሬዋን ቆሼ ማለቴ ነው። እዚህ ገዢው ከጆንያው አንድ ዛላ ያነሳና ጆሮው ሥር ያንቀጫቅጨዋል። ፍሬው ድምፅ ካልሰጠ አልደረቀም፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው ውሃ ነው። ሻጩ ቢምልም ባይምልም።

ከገበያው ፈንጠር ብላ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ባትሪው ከሞተ የቆየ ላፕቶፕ አለ፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የመቶ ምናምን ገጽ ፒዲኤፍ ሲከፍት ግን ማራገቢያው እንኳ አልጮኸም። ፕሮግራሙ ኦኩላር ነው፤ ኬዲኢ በሚል ስም የተሰባሰቡ ሰዎች የሚሠሩት፣ በነጻ የሚገኝ።

ባለቤቱን አስፈቅጄ ቅንብሩን ከፈትኩ። ለሜሞሪ አጠቃቀም አራት ምርጫ አለ፤ እንግሊዝኛውን ወደኛ ብናመጣው «ዝቅተኛ»፣ «መደበኛ»፣ «ኃይለኛ» እና «ስግብግብ»። የገዛ ሥራውን ስግብግብ ብሎ የሚጠራ ባለሙያ የት ይገኛል? እዚህ ላፕቶፕ ላይ «ዝቅተኛ» ተመርጧል፦ ሜሞሪ በተቻለ መጠን ይቆጠባል፣ ያለፈው ገጽ አይከማችም። ነጩን ጠርዝ የሚቆርጥም ትእዛዝ አለ፤ ደቃቁ የአማርኛ ፊደል በጠባቡ ስክሪን ላይ ድንገት ወፍሮ ይመጣል።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አካባቢን ለማይጎዳ ዕቃ «ሰማያዊ መልአክ» የሚባል ምልክት ይሰጣሉ። በ2020 ለሶፍትዌርም መስፈርት አወጡ፤ በ2022 ኦኩላር ምልክቱን ያገኘ የመጀመሪያው ፕሮግራም ሆነ። አለካኩ የዛላውን ያስታውሰኛል። ተራ ተጠቃሚ የሚያደርገውን፣ መክፈቱን፣ መፈለጉን፣ ማጉላቱን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲደጋግመው ያዙና የሚበላውን ኤሌክትሪክ በቆጣሪ ይይዛሉ። መስፈርቱ ሲወጣ «ከዚህ በላይ እንዳይበላ» የሚል ጣሪያ አልነበረውም፤ ለካና ለሕዝብ አሳውቅ ነው የሚለው። መጀመሪያ ልፍስፍስ መስሎኝ ነበር። ሁለት አንቀጽ ግን አፌን አስያዘኝ፦ ፕሮግራሙ አምስት ዓመት በሞላው ኮምፒውተር ላይ መሥራት አለበት፤ በየጊዜው ሲታደስም ፍጆታው ከመጀመሪያው ልኬት ከ10 በመቶ በላይ ማደግ የለበትም። «አድስ» የሚለውን ተጭኖ ማሽኑ የተንቀራፈፈበት ሰው ይህቺ 10 በመቶ ምን እንደምትመዝን ያውቃል።

ስለ ምልክቱ ስነግረው ባለቤቱ ሰምቶ አያውቅም። ታዲያ ለምን ይህን መረጥክ አልኩት።

«ሌላው ያንቀዋል፣ ጋሼ» አለና ወደ ፕሪንተሩ ዞረ። «ስንት ኮፒ ነበር ያሉኝ?»