የቀርከሃው ዘንግ ውዳሴ
በእንግሊዝ አገር፣ ሬድማየር ከተባለው ትንሽ ኩሬ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952፣ ዓሣ አጥማጁ ሪቻርድ ዎከር በትጋሃ ሌሊት ቆይቶ 44 ፓውንድ የሚመዝን፣ ካርፕ የተባለ ዓሣ ያወጣበትን መሣሪያ ባሰብኩ ቁጥር፣ መሣሪያውን በመረጠው ሰው ጥበብ እጅግ እደነቃለሁ። ስድስት የቀርከሃ ስንጣቂዎች በሙጫ ተጋጥመው የተሠራው፣ እርሱ ራሱ የቀየሰው ዘንግ፣ ዓሣው በሸሸ ጊዜ እየጎበጠ ኃይሉን ስለሚያበርድለት፣ 12 ፓውንድ ብቻ የሚችለው ክር ሳይበጠስ ጸና። ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን ማባበያውን ነው፤ የሚንሳፈፈው የዳቦ ቅርፊትና የሚሰጥመው የዳቦ ሊጥ በአንድ መንጠቆ ላይ በልክ ተመጣጥነው ሲሰኩ፣ ጉርሻው በጭቃ ሳይዋጥ፣ ከውኃው ሣር ላይ በዝግታ ያርፋል። እንዲህ ሌሊቱን ለሚጠብቅ አጥማጅ ለመጠለያ ዝናብ የሚመልስ ሸራ ይበቃል፤ ካርፕ የኮቴ ንዝረት ስለሚሰማው፣ ከውኃው ዳር ጥቂት ራቅ ተደርጎ ይተከል።