የመኳንንት ስም ዝርዝርና የሳንሱሲ መንገድ

ስለ አዲስ አበባ ታሪክ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልማድ ይከተላሉ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ካሠሩት ቤት ይነሡና፥ ከዚያ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የሰፈሩትን መኳንንት በየስማቸው ይዘረዝራሉ። ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ራስ መኰንን ድልድይ፥ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እያሉ ይቀጥላሉ። ዝርዝሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሰፈር ስም ቦታው ለማን እንደ ተሰጠ ይነግረናል እንጂ፥ ማን እንደ ኖረበት አይነግረንም። በአንድ መኰንን ስም በሚጠራ ሰፈር ውስጥ ወታደሩ፥ ጋጋሪዋ፥ ውሃ ቀጂዋና ባልደራሱ ነበሩ። የእጅ ባለሙያዎችን የሚያስታውሰው ሠራተኛ ሰፈር እንኳ ሥራቸውን እንጂ ስማቸውን አላቆየልንም።

የዚህ ልማድ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ከአስኮ አልፈን፥ ቡራዩ ሳንደርስ፥ ሳንሱሲ ላይ ነው። እዚህ የሚዘረዘር የመኰንን ስም የለም። ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ስሙን ሲሰማ፥ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ከ1745 እስከ 1747 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፖትስዳም ላይ ያሠራውንና ስሙ «ያለ ሐሳብ» ማለት የሆነውን ቤተ መንግሥት ያስታውሳል። ሆኖም የድምፅ መመሳሰል ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ከስሙ ይልቅ የሚያስተምረን መንገዱ ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ማገዶ ባነሰ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። የቤተ መንግሥቱም ሥራ ተጀመረ፤ መንገድም ተሠራ። ኋላ ግን ሐሳቡ ቀረ፤ የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍም ተስፋፍቶ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች። እንግዲህ ከተማይቱን ሊያስለቅቃት የነበረው የእንጨት እጦት ከሆነ፥ እንጨት ተሸካሚዋ ከታሪኩ ውጭ የምትቀረው በምን ፍርድ ነው?

«ጽሑፍ የሚገኘው ስለ ታላላቆቹ ነው» የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። ይህ እውነትነት አለው፤ ዳሩ ግን ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደየዳርቻው ሲበተን አይተናል። የመኳንንቱ ስም በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ ይኖራል፤ የጎረቤት ትዝታ ግን ከጎረቤቱ ጋር ይበተናል። ስለዚህ ተማሪው ከመዝገብ ቤት አስቀድሞ ወደ ሽማግሌዎቹና ወደ አሮጊቶቹ ደጅ ቢሄድ፥ ሥራውንም ከከተማይቱ ዳር ቢጀምር የተሻለ ይመስለናል።