በመስኮት የታየ ጎረቤት

የጉዞ መጽሐፍ ስናነብ ብዙውን ጊዜ ደራሲውን የምናገኘው ከደረሰ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ፖል ቴሩ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው «ዘ ኦልድ ፓታጎንያን ኤክስፕረስ» ይህን ልማድ ገልብጦታል። ለሱ ቁም ነገሩ መሄዱ ነው። ቦስተን አጠገብ ካለችው ከትውልድ ከተማው ከሜድፎርድ ተነሥቶ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው በሚሳፈርበት የከተማ ባቡር ይገባል፤ ሌሎቹ ቢሯቸው ደጃፍ ሲወርዱ እሱ ባቡር እየቀያየረ እስከ ደቡብ አርጀንቲና ይዘልቃል።

ወቅቱን ክረምት ብለን እንተረጉመዋለን። የኛ ክረምት ግን ዝናብና ጭቃ፣ ጎተራው የሚጎድልበት ወር ነው፤ የሱ ክረምት በረዶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጥንካሬም እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ብርዱ ከጣቢያ ጣቢያ እየላላ ሲሄድ አንባቢውም አብሮት ይሞቀዋል።

ከዚያ ጎረቤት አገር ይመጣል፤ ሜክሲኮ። ደራሲው ከላሬዶ ወንዙን ተሻግሮ ኑዌቮ ላሬዶ ሲገባ የሁለቱን ከተሞች ዝምድና በደንብ ያየዋል፦ የአንዷ ጨዋነት ያለሌላዋ ብልግና እንደማይቆም ገብቶታል። ግሩም ነው። ነገር ግን «የአዝቴክ ንስር» በተባለው ባቡር ወደ ሜክሲኮ ከተማ፣ ቀጥሎም ወደ ቬራክሩዝና ወደ ታፓቹላ ሲወርድ ይህ ዓይኑ ይደክማል። ማጉረምረምና ማላገጥ ይበዛል፤ አገሪቱም ወደ ፓታጎንያ ማለፊያ ኮሪደር ሆና ትቀራለች።

«ታዲያ ይዋሽ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። አይዋሽ! ግልጽ ምሬት ከቱሪስት ማስታወቂያ ይሻላል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያው ሰው ቦነስ አይረስ ሲደርስ ዓይነ ስውሩ ቦርኼስ ፊት ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብለታል፣ ሲናገር ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጠዋል። ይህን ጆሮ ለባቡሩ ተሳፋሪ ለምን ነፈገው? እሱ እኮ ድካሙን መርጦ ገዝቶታል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን የተሳፈረው ጉዳይ ስላለው ነው።

መልሱን የሰጠን ራሱ ደራሲው ነው። የሜክሲኮ መንግሥት የባቡር ድርጅት በ1990ዎቹ ወደ ግል ሲዛወር አብዛኛው የመንገደኛ ባቡር ቀረ። ቴሩ በ2019 ባሳተመው «ኦን ዘ ፕሌን ኦፍ ስኔክስ» ሜክሲኮን የዞረው በገዛ መኪናው ነው። ግን በዋሃካ ተቀምጦ ስፓኒሽ ተማረ፤ በሜክሲኮ ከተማ ደግሞ የጽሑፍ ትምህርት አስተማረ። ምን ያስገርማል ብትሉ፣ ለብቻው መኪና የያዘው ሽማግሌ ከሕዝብ ጋር ከተሳፈረው ጎልማሳ ይልቅ ለሰው ቀረበ! እንግዲህ አውቶቡስና ባቡር በራሳቸው ከሰው አያቀራርቡም ማለት ነው። የሚያቀራርበው መቆየትና መጠየቅ ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ቴሩ በ2002 ባወጣው «ዳርክ ስታር ሳፋሪ» ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ሲሻገር በማርሳቢት አካባቢ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ላይ ሽፍቶች ተኩሰዋል። እኔ ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ያንኑ መንገድ በአስፋልት፣ በአውቶቡስ፣ እያንቀላፋሁ አለፍኩት። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ አጠገቤ አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን በጉልበታቸው መሀል ይዘው ተቀምጠው ነበር። እንደ ተመለስኩ ስለ ጀሪካኑ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ጓደኞቼም አመሰገኑኝ። ውስጡ ምን እንደ ነበረ ግን አልጠየቅኳቸውም። ወዴት እንደሚሄዱም አላውቅም። ሁለቱን ገጾች ለዚህ መጽሔት ልሰጥ ነበር፤ ቴሩን ካነበብኩ በኋላ አስቀረኋቸው።

መጽሐፉን አንብቡት። ስታነቡት ግን ከመስኮቱ ወዲህ ማን እንደ ተቀመጠ ልብ በሉ።